የባሕሩ ሚዛን በማን እጅ ይሁን? ስለ ዓሣ ሀብት የጋራ አስተዳደርና ስለ መዝገቡ የቀረበ ዲስኩር



በዛሬው ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከሩቅ ሲያዩት የቅጽና የቁጥር፣ የጽሕፈት ቤት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን በሐይቅ ባሕር ላይ ሌሊት መረቡን ከሚጥለው አስጋሪ አንሥቶ፣ በደሴ ፒያሳ ወይም በኮምቦልቻ ሆቴል ተቀምጦ የዓሣ ጉላሽ እስከሚያዘው ተመጋቢ ድረስ ሁላችንንም በየደረጃችን የሚያገናኝ ነው። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ የዓሣን ሀብት መንግሥትና አስጋሪው በጋራ ያስተዳድሩት ከተባለ በኋላ፣ ይህ አስተዳደር መልካም ፍሬ ማፍራቱን ወይም አለማፍራቱን በምን ምልክት እናውቃለን? የምልክቱስ ሰብሳቢና ጠባቂ ማን ሊሆን ይገባዋል? እኔ በበኩሌ የምሰጠው መልስ፣ በጋራ የተደነገገ ሥርዓት በጋራ ካልተመዘነ የጋራነቱ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው፤ ይህንንም በዚሁ በደጃችን ባለው ባሕር ምሳሌነት ላስረዳ እሞክራለሁ።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ስፍራ ከ80 ሜትር የሚበልጥ፣ ከጎረቤቱ ከአርድቦ ባሕር የሚወርደውን ወንዝ ተቀብሎ በገሃድ የሚታይ መውጫ የሌለው ውሃ ነው። ዛሬ የሐይቅ ዓሣ ሲባል ተመጋቢው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ቆሮሶ የባሕሩ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰው እጅ መጥቶ የገባ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜም ከአምባዛ ጋር የአስጋሪው ዋና እንጀራ የሆነ ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ ሐይቅ ባሳተሙት አጭር ጥናት ውሃው የጠራ፣ በውስጡ የሚንሳፈፈው ደቂቅ ዕፅም ጥቂት እንደ ነበረ መዝግበው አልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ጥናት ደግሞ ያው ባሕር በደቂቅ ዕፅ ብዛት አረንጓዴ ለብሶ፣ ጠባዩ ተለውጦ መገኘቱን አስረዳ፤ ለለውጡ ምክንያት ይሆናሉ ተብለው ከተገመቱት አንዱም አዲስ የገባው ዓሣ ዕፁን ይበሉ የነበሩትን ደቃቅ የውሃ እንስሳት ማጥፋቱ ነው። ግምቱን ለሊቃውንቱ እንተወውና አንዱን ነገር ልብ እንበል፦ ባሕሩ መለወጡን ለማወቅ የቻልነው ከለውጡ በፊት አንድ ሰው ለክቶ፣ ለክቶም ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሐይቅን አረንጓዴ ሆኖ ያየ ልጅ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለው ነበር፤ የሚከራከረውም ማስረጃ ባልኖረው ነበር።

መዝግቦ ማኖርም ለዚያ ዳርቻ እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ባቀኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የኖረው ወንጌል፣ ከቅዱስ ቃሉ ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ለዘመናችን ደርሷል፤ በየአድባራቱና በየገዳማቱም ርስትና ጉልት ሲሰጥ የሰጪው፣ የተቀባዩና የምስክሮቹ ስም በወርቅ ወንጌሉ ላይ በአንድነት ይጻፍ እንደ ነበር የታሪክ ሊቃውንት ያውቁታል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሦስት ጠባይ ነበረው፤ የሚቀመጠው በሚከበር ስፍራ ነው፣ ምስክሩ በስሙ ይታወቃል፣ ክርክር በተነሣ ጊዜም ወጥቶ ይነበባል። ለዓሣው መዝገብ ከዚህ የሚሻል ደንብ አላገኘሁለትም።

ሕግስ አላጣንም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በፌዴራል መንግሥት ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንብ ደንግጓል። ነገር ግን በከተማ የተጻፈ ደንብ፣ በጨለማ በታንኳ ላይ ያለ ሰው ስንት መረብ እንደ ጣለ፣ የመረቡም ዓይን ምን ያህል እንደ ጠበበ ሊያይ አይችልም፤ አንድ የወረዳ ባለሙያም ቢሆን፣ ትጋቱ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ዳርቻውን ሁሉ ሌሊት ሲዞር ሊያድር አይችልም። ስለዚህ ነው በብዙ አገር ሥልጣኑ ተከፍሎ፣ ዘርፉን የሚያውቀው መንግሥት ከባሕሩ ጋር ከሚኖረው ማኅበር ጋር በአንድ ጉባኤ እንዲመክር፣ የማስገሪያውን ጊዜና ስፍራ፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የቅጣቱን መጠን አብሮ እንዲወስን የተደረገው፤ የጋራ አስተዳደር የምንለውም ይኸው ነው።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አድርገን እንዳንቆጥረው የመንዝን ጓሳ እናስታውስ። በዚያ ደጋ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት የሚባል ደንብ አቁሞ፣ የጓሳውን ሣር ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ከከብትና ከማጭድ ዘግቶ፣ ሣሩ በደረሰ ጊዜ በአለቆቹ ቃል በአንድ ቀን ይከፍተው ነበር፤ የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት እስኪያፈርሰው ድረስ ብዙ ዘመን ጸና። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮምም የጋራ ሀብትን ሕዝብ ራሱ ሊጠብቀው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ስታስረዳ ከጠቀሰቻቸው ስፍራዎች አንዱ በቱርክ የምትገኘው አላንያ ነበረች፤ የዚያች ወደብ አስጋሪዎች በያመቱ መስከረም ላይ የማስገሪያውን ስፍራ በዕጣ ተከፋፍለው፣ እስከ ጥር በየቀኑ አንድ ስፍራ ወደ ምሥራቅ፣ ከጥርም በኋላ ወደ ምዕራብ እየተዛወሩ ሁሉም ከመልካሙም ከክፉውም ስፍራ እኩል እንዲደርሰው አድርገዋል። ለዚህ ትምህርቷም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚ ጥናት የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ሥርዓቱ ሊቆም እንደሚችል እንግዲህ አያጠራጥርም፤ የሚያጠራጥረው በእኛ ዳርቻ የቆመው ሥርዓት መሥራት አለመሥራቱ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚፈታው መዝገብ ብቻ ነው።

መዝገቡ ሦስት ምዕራፍ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ አንዱ ስለ ባሕሩ፣ ሁለተኛው ስለ ሰዉ፣ ሦስተኛው ስለ ሥርዓቱ።

ስለ ባሕሩ የመጀመሪያው ስሕተት የወጣውን ዓሣ ቆጥሮ የወጣበትን ድካም መርሳት ነው። እንበልና አንድ አስጋሪ አምና 10 መረብ ጥሎ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ዓሣ አወጣ፤ ዘንድሮ 20 መረብ ጥሎ 60 ኪሎ አወጣ። ኪሎውን ብቻ የሚያይ ጸሐፊ ምርቱ በግማሽ አደገ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ መረቡን የሚቆጥር ግን በአንድ መረብ 4 ኪሎ ይገኝ የነበረው ወደ 3 መውረዱን አይቶ ይደነግጣል። ሁለቱም ያዩት አንድ ታንኳ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ከኪሎው ጎን የመረቡ ቁጥር፣ የዓይኑ ስፋት፣ በውሃ ውስጥ ያደረበት ሰዓትና የአስጋሪው ቁጥር ካልተጻፈ ኪሎው ብቻውን ከዝምታ ይልቅ ያሳስታል።

ሁለተኛው ነገር የሚመዘነው ምን እንደ ሆነ መታወቁ ነው። ዓሣው ወደ ዳርቻ ሲወጣ ሙሉውን ይመዘናል፤ ሆድ ዕቃው ወጥቶና ቅርፊቱ ተፍቆ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው፤ ፊሌቶ ሆኖ በበረዶ ወደ ደሴ ሆቴል ሲጫን ከመጀመሪያው ክብደቱ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። የማኅበሩ መዝገብ ፊሌቶውን፣ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ሙሉውን ዓሣ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ሁለቱን ደምሮ አማካይ የሚያወጣ ሰው ያወጣው ቁጥር የማንም ዓሣ ክብደት አይደለም። ከሚዛኑም ጋር የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ከየታንኳው ጥቂት ዓሣ፣ አስጋሪው ትልቁን ብቻ መርጦ እንዳያሳይ፣ እጅ እንዳገኘ እየተወሰደ፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ ይለካ። የሚያዘው ዓሣ ርዝመት በየዓመቱ እያጠረ ከመጣ ኪሎው ባይቀንስም እንኳ ገና ሳይወልድ የሚያዘው በዝቷል ማለት ነውና፣ ርዝመቱ ከክብደቱ ቀድሞ ይናገራል።

የዳርቻ ሚዛን ሲጠፋ የሚሆነውን በአገር ደረጃም አይተነዋል። ለኢትዮጵያ ውሆች ዓመታዊ የዓሣ ምርት አቅም ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ወደ 51 ሺህ ቶን የሚጠጋ ግምት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 94 ሺህ 500 ቶን አደረሰው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ግምት በየዳርቻው ከተመዘነ ዓሣ ይልቅ ከውሃው ስፋት በስሌት የተገኘ ነው። ስሌቱን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የአንዱን ባሕር ሥርዓት መልካምነት ከዚህ ዓይነት ቁጥር ማንበብ አይቻልም።

በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። በዚያ አምስት መቶ ዓመት ሲሰገር የኖረው ኮድ የሚባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እያለቀ ሲሄድ፣ በትንንሽ ጀልባ በዳርቻው የሚያሰግሩት ሰዎች ዓሣው አንሷል፣ መጠኑም ቀጭጯል እያሉ ይጮኹ ነበር፤ መንግሥት ግን በብዙ የሚተማመነው በትልልቆቹ መርከቦች የመያዝ መጠን ነበር፤ መርከቦቹም ዓሣው የተሰበሰበበትን በመሣሪያ እየፈለጉ ስለሚያገኙት፣ ባሕሩ እየተራቆተ እያለ እነሱ ዘንድ ምርቱ እንደ ወትሮው መስሎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1992 ማስገሩ በአዋጅ ተከለከለ፤ ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰውም ሥራውን አጣ። ያ መንግሥት መዝገብ አላጣም፤ ሊቃውንትም አላጣም፤ ያጣው የዳርቻውን ሰው ምስክርነት ከመርከቡ ቁጥር ጋር አቀራርቦ የሚመረምር ጉባኤ ነበር።

የልኬቱ መሰብሰቢያ ቀንም ራሱን የቻለ ጥበብ ይፈልጋል። በእኛ አገር የዓሣ ፈላጊው ቁጥር በጾሙ ሥርዓት ይወጣል ይወርዳል፤ በሁዳዴ 55 ቀን ገበያው ይሞቃል፣ ዋጋውም ይነሣል፣ አስጋሪውም መረቡን ያበዛል፤ ፋሲካ በገባ ማግስት ሥጋ ቤቱ ሲከፈት የዓሣው ፈላጊ ይቀንሳል። በወሎ ደግሞ የሙስሊሙ ወገናችን ረመዳን በዓመቱ ውስጥ እየዞረ የሆቴሉን የቀን ገበያ ይለውጠዋል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ልኬት በሁዳዴ አድርጎ ሁለተኛውን በጥቅምት የሚያደርግ ሰው ያገኘውን ልዩነት ለደንቡ ቢሰጠው፣ የቀን መቁጠሪያውን ሥራ ለደንቡ አድርጎ ሰጠ ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብን ያወቀ ዲያቆን ከተመራማሪው ጎን ቢቀመጥ የናሙናውን ቀን ለመምረጥ ታላቅ እርዳታ ያደርጋል፤ ናሙናው አጽዋማቱና በዓላቱ በያመቱ ከሚውሉበት ቀን ጋር መዛወር አለበትና።

ከባሕሩ ወደ ሰዉ ስንሻገር፣ ዓሣው በዝቶ አስጋሪው የደኸየበት ሥርዓት መልካም ሥርዓት ሊባል አይችልም። ስለዚህ በዳርቻው የተሸጠበት ዋጋና በደሴ የተሸጠበት ዋጋ፣ የማኅበሩ ትርፍ ለስንት አባል በምን መጠን እንደ ተከፈለ፣ ከማኅበሩ ውጭ ሆነው የሚያሰግሩት ወጣቶች ምን እንዳገኙ መጻፍ አለበት። ከሁሉ የሚረሱት ሴቶች ናቸው፤ ዓሣውን አጥበው፣ ፈልጠው፣ ለገበያ የሚያቀርቡት እጆች በታንኳው ላይ ስለማይታዩ በታንኳ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፤ ማስገሩ ለሁለት ወር ሲዘጋ ግን ገቢያቸው ከአስጋሪው ጋር እኩል ይቋረጣል። የደንቡን ሸክም ማን እንደ ተሸከመው የማይጠይቅ መዝገብ፣ ደንቡ ለምን እንደ ተጣሰ ሊመልስ አይችልም።

ስለ ሥርዓቱ መጠየቅ ከሁሉ ይከብዳል። በጠባብ መረብ ታሰግራለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አዎን እንዲል የሚጠብቅ የዋህ ነው፤ ጠያቂው ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ከሆነማ ይባስ። ስለ ራሱ ከመጠየቅ ይልቅ ከአሥር አስጋሪ ስንቱ ይጥሰዋል ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በውሃ ላይ ከተገኘው መረብ ልኬት ጋር ማስተያየት ይሻላል። የተያዘው ሕገ ወጥ መረብ ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ዘንድሮ 30 መረብ ተይዞ ከሆነ ጥፋቱ በዝቶ ይሁን ጥበቃው በርትቶ የሚለየው ጠባቂዎቹ ስንት ሌሊት እንደ ወጡ ሲጻፍ ነው። የስብሰባም ቃለ ጉባኤ እንዲሁ ነው፤ የፊርማው ብዛት ሰዉ መምጣቱን ያሳያል እንጂ መናገሩን አያሳይም። ማን አሳብ አቀረበ፣ ከቀረበውስ የቱ በውሳኔው ገባ ብሎ መጻፍ፣ አስተዳደሩ በእውነት የጋራ መሆኑን ከመቶ ፊርማ ይልቅ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ እንኳ አንድ ታላቅ ጥያቄ ይቀራል፤ የታየው ለውጥ የማን ሥራ ነው? በጣና እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሌላ ዓለም የማይገኙት፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የባርበስ ዓሣዎች ጠቅላላ ክብደታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ መገኘቱ ሊታወቅ የቻለው በሁለቱም ጊዜ የተለካ ስለ ነበረ ነው፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የጣናን ዳርቻ ስለ ወረሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለውጥ ለመረቡ ወይም ለአረሙ ወይም ለደንቡ ማካፈል የራሱ ምርመራ ሆኗል። በቪክቶሪያ ባሕርም ባሕሩን የሚካፈሉት ሦስቱ መንግሥታት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ጀልባውንና መረቡን በአንድነት ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ዩጋንዳ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዳርቻ ማኅበራቱን ሥራ አግዳ በ2017 ጥበቃውን ለወታደር ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ዓሣው ቢበዛ ወይም ቢያንስ፣ ምክንያቱ የማኅበሩ መታገድ ነው ወይስ የወታደሩ መምጣት፣ ወይስ የዝናቡ ሁኔታ ብሎ የሚለይ ሰው፣ ሦስቱንም በየጊዜያቸው የጻፈ መዝገብ ያስፈልገዋል።

እኛ ለዚህ የሚረዳ ጸጋ አለን፤ አርድቦ ከሐይቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ያንኑ ክረምትና ያንኑ በጋ ይዞ ይገኛል። በሐይቅ ደንቡ ሲጠብቅ በአርድቦም በተመሳሳይ ቀንና በተመሳሳይ መሣሪያ ቢለካ፣ በሁለቱም የታየው ለውጥ የሰማዩ፣ በአንዱ ብቻ የታየው ግን የደንቡ ሊሆን እንደሚችል ማስተያየት ይቻላል። የሁለቱ ባሕሮች ጥልቀትና ጠባይ ልዩ ስለ ሆነ ማስተያየቱ ፍጹም አይሆንም፤ ያለ ማነጻጸሪያ ከመፍረድ ግን እጅግ ይሻላል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ያየነውም ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። እንዲህ ባለ ወራት ሥራ ይቆማል፣ ሰው ይሰደዳል፣ የቢሮ ሰነድም ለአደጋ ይጋለጣል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው መዝገብ ከጠፋ የአሥር ዓመት ድካም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መዝገቡ ቢያንስ በሁለት ስፍራ፣ አንዱ በማኅበሩ አንዱ በደሴ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ይቀመጥ፤ ያልተለካባቸው ወራትም በግምት ሳይሞሉ ባዶ ተደርገው፣ ባዶ የሆኑበት ምክንያት ይጻፍባቸው። በግምት የተሞላ ሰንጠረዥ ከባዶው ይልቅ ያምራል፤ ነገር ግን የኋላውን ሰው ያስታል።

በመጨረሻ የምናገረው ስለ መተማመን ነው። አስጋሪው የያዘውን ዓሣ በትክክል የማይናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ቁጥሩ ለግብር ይውላል ብሎ ይሰጋል፣ ያም ባይሆን ቁጥሩን ወስደው የሄዱት ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ አላየም። ጥናት ሊያጠና የመጣ ሁሉ በዳርቻው ቆሞ ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ጽፎ ይሄዳል፤ ውጤቱ በባዕድ ቋንቋ በሩቅ አገር መጽሔት ታትሞ ይወጣል፤ ዓሣውን ለሚዛን ያቀረበው ሰው ግን ምን እንደ ተገኘ አይሰማም። አስጋሪው ከዚያ በኋላ ዓሣውን ለመለካት ቢሰለች ሊወቀስ አይገባውም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው አሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ማናቸውም አዲስ ደንብ በሐይቅ ከመጽናቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ከሁዳዴ እስከ ሁዳዴ፣ የመነሻ ልኬት ይደረግ። ሁለተኛ፣ የሚለኩት ሰዎች ከአስጋሪዎቹ ልጆች መካከል ተመርጠው፣ ተምረው፣ ለድካማቸውም ተከፍሏቸው ይሥሩ፤ ባለሙያው ሳይታሰብ እየመጣ ልኬታቸውን ይመርምር እንጂ በስማቸው አይጻፍ። ሦስተኛ፣ የአንድ ሰው ምርት በስሙ ለግብር ሰብሳቢ እንዳይተላለፍ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ይሁን። አራተኛ፣ በየሦስት ወሩ የተሰበሰበው ሁሉ በአማርኛ፣ በዳርቻው፣ አስጋሪዎቹና ዓሣ አጣቢዎቹ ሴቶች በተገኙበት ይነበብ፤ ያነበበው ባለሙያ ይጠየቅ፤ የሰዉም መልስ ከቁጥሩ ሥር ይጻፍ። ደንቡ ይጽና ወይም ይሻሻል የሚለው ክርክር ከዚያ ንባብ በኋላ ይቀጥል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሚዛን፣ ጥቂት የመለኪያ ሰሌዳ፣ ወረቀትና የሠራተኛ ደመወዝ ነው። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ወሬ፣ የአምስት ዓመት ቁጥር ምልክት፣ የአሥር ዓመት ቁጥር ምስክር ነውና። እናንተም፣ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎችና ባለሆቴሎች፣ የገዛችሁትን ዓሣ መጠንና ዋጋ በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ለዚሁ መዝገብ ብታቀብሉ፣ የዳርቻው ሰው የጻፈውን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምስክር ትሆናላችሁ። ሚዛኑን ሁላችንም የያዝነው ጊዜ፣ ፍርዱ ቢከፋብን እንኳ ሐሰት ነው ብለን ልንጥለው አንችልም፤ የጋራ አስተዳደር የሚባለውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሆናል።